ወይ ዓይኔ ነው ወይ ሰማዩ

መስከረም 21

ለአንጋጣጯ እህቴ፣

ሰላምታዬ ያለሽበት ተራራ ድረስ ወጥቶ ይድረስሽ። ደጋግመሽ ደውለሽ ስላላነሳሁ ይቅር በይኝ። ስልኩ አልተበላሸም፤ እኔም አልተቀየምኩሽም። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ በስልክ አንቺን መሸወድ አይሆንልኝም። «እትዬ ድምፅሽ ምን ሆነ?» ስትይኝ የሆዴን ሁሉ ዘርግፌልሽ ቁጭ ነው። አንቺም ተጨንቀሽ የሰማሁሽ ቀን የምቆርጠው ጨርቅ ሁሉ ይንሻፈፍብኛል። ወረቀት ግን ጨዋ ነው፤ የነገሩትን ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ይሄ የሥራ ወቅትሽ እስኪያልፍ እንደ አምናው እንጻጻፍ።

ጋሼሽ ደህና ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነዳው መኪና ስላጣ እኔን ይነዳኛል። «ቀስ በይ፣ ደረጃ አለ፣ ወደ ቀኝ ያዢ» እያለ ከኋላዬ አይጠፋም። ዕድሜውን ሙሉ አውቶብስ የነዳ ባል ምን ይደረጋል። ጥሩንባ መንፋት ብቻ ነው የቀረው።

በደብዳቤሽ ከጨርቅ ሻጩ ጋር ለምን ተጣላሽ ብለሻል። ማን እንዳወራልሽ አውቄያለሁ፤ የጋሼሽ አፍ ፍሬን የለውም። አዎ፣ ተጣልተናል። «አጭሩ ሜትር» የምንለውን ታውቂዋለሽ አይደል፣ ያን ሲለካ አውራ ጣቱን ከጨርቁ ጋር ቆጥሮ የሚሸጠውን። ለዓይን ክሊኒኩ ሠራተኞች ጋውን የምሰፋበት ነጭ ጨርቅ ባዝዘው ክሬም ላከልኝ። ይዤለት ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት።

«እመቤት፣ ይሄ እኮ ነጭ ነው» አለኝ።

«ነጭ ምን እንደሆነ እኔን ልታስተምረኝ? ስንቷን ሙሽራ ነጭ ያለበስኩ ሴት ነኝ! ጨርቅህ ነው የተቀየረው፤ ፋብሪካው ሸውዶሃል።»

«ጨርቁማ ያው ነው» አለና ትኩር ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ምን ማለቱ ነው? ሰው ፊት ባይሆን ኖሮ በገዛ ሜትሩ ነበር የማንቀው። ያም ሆኖ ሥራው ስለተጣደፈብኝ ያንኑ ጨርቅ ተሸክሜ ተመለስኩ።

አሁን ወዳንቺ ጉድ ልምጣ። እንደገባኝ ልንገርሽና አርሚኝ። ኮከብ ስታረጅ ከላይ የለበሰችውን ታወልቃለች፤ የጣለችው ልብስ ዙሪያዋን እንደ ጭስ ይንሳፈፋል፤ እሱን ነው ፕላኔታዊ ኔቡላ የምትሉት። ፕላኔት አይደለም፣ የድሮ ሰዎች ከሩቅ ሲያዩት ክብ ሆኖባቸው ነው ስሙን የሰጡት ያልሽኝን ይዤዋለሁ። አንቺ ደግሞ የአንዷን ኮከብ ቀሚስ ከድሮ ፎቶው ጋር ስታስተያዪው፣ ኮከቧ እየጋለች ስለሄደች ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ሄዷል አልሽ። አለቃሽ አልሄደም አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አልገባኝም። ልብሷን ያወለቀች ሴት ይበርዳታል እንጂ ምን ሆና ነው የምትግለው? ደግሞስ ቀለሙ ከተቀየረ ተቀየረ ነው፤ ሰውየውን ምን አስጨነቀው?

ፊደልሽ ለምን ተለቀ ላልሽው፣ ብዕሩ ነው። ጋሼሽ ወፍራም ብዕር ገዝቶልኝ ነው።

እዚያ ላይ ብርድ አለ፤ ደረትሽን ሸፍኚ።

እትዬ


ጥቅምት 6

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጋሼስ? መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ፤ የፖስታው መኪና እዚህ የሚወጣው አርብ አርብ ብቻ ነው። ደብዳቤሽን ምግብ ቤት ውስጥ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ መካኒኩ ያዙኝ። መካኒኩ ማለት ቴሌስኮፑን ሲጠግኑ ያረጁ፣ ጡረታ ወጥተውም ከጣቢያው መውጣት ያቃታቸው ሽማግሌ ናቸው። አውራ ጣቱን ስለሚሸጠው ሰውዬ ስነግራቸው «እንዲህ ያለ ሰው እዚህም አይጠፋም» አሉኝና ወደ ኃላፊው ቢሮ አዩ።

ጥሩ አድርጎ ገብቶሻል። ኮከቧ የምትግልበትን ብቻ ልንገርሽ። ልብሷን ከጣለች በኋላ የምትቀረው መሃል እምብርቷ ናት። እሷ እየተኮማተረች በሄደች ቁጥር ትግላለች፤ በጋለች ቁጥር ዙሪያዋን ያለው ልብስ ይበራል፤ በልብሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ ሲበራ አረንጓዴ ነው። ብርሃኑን በመሣሪያ ስንበትነው እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋል፣ ግን ሙሉ ቀስተ ደመና አይወጣውም፤ እዚህም እዚያም ደማቅ መስመር ነው። ከመስመሮቹ ሁለቱን ብቻ ያዢልኝ፤ አንዱ የኦክስጅን አረንጓዴ፣ አንዱ የሃይድሮጅን ሰማያዊ።

አንቺ በተወለድሽበት ዓመት እንደ ፊልም በሚያገለግል መስታወት ላይ በተነሳው ፎቶ ሁለቱ እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። ዛሬ አረንጓዴው ሰማያዊውን ውጦታል። የኮከቧም ብርሃን ድሮ ቀዝቀዝ ያሉ ኮከቦች የሚያሳዩት ዓይነት ምልክት ነበረው፤ አሁን ያ ጠፍቷል። እትዬ፣ ይሄ እኮ ለሌሎቹ ሺህ ዓመት የሚፈጅ ነገር ነው። እሷ በአንድ ሰው ዕድሜ፣ በአንቺ ዕድሜ ጨረሰችው!

ኃላፊያችን ግን «አቶ ማስረጃ» ነው። ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እንደምን አደሩ ብትይውም «ማስረጃ?» ከማለት አይመለስም። ያለኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ «ሰማዩ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ዓይናችን ነው።» የድሮው መስታወት ሰማያዊውን አጥርቶ ያያል፤ አረንጓዴ ላይ ግን ድንግዝግዝ ነው። የዛሬው ካሜራ ሁለቱንም ያያል። ስለዚህ አረንጓዴው ድሮም ነበረ፣ መስታወቱ ነው ያላየው ይላል። የሚያናድደው ነገር፣ ልክ ሊሆን ይችላል።

ኔቡላው የሚታየን እስከ ጥር መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ ወደ ፀሐይ ጀርባ ይገባል። እስከዚያ ካላረጋገጥኩ ጽሑፌ አይወጣም፤ ጽሑፌ ካልወጣ ውሌ አይታደስም፤ ቴሌስኮፑም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ያ ሁሉ ዓመት ልፋቴ መና ይቀራል ማለት ነው። አለቀ፣ ነገርኩሽ። በስልክ ቢሆን ኖሮ አልነግርሽም ነበር።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጋሼ ለምንድነው «ደረጃ አለ» የሚልሽ? ደረጃው እኮ ድሮም ነበረ።

እህትሽ


ጥቅምት 20

ለአንጋጣጯ፣

ደረጃው ድሮም ነበረ ላልሽው፣ ጋሼሽም ድሮም ለፍላፊ ነበር። በዚህ እንለፈው።

አለቃሽ ላይ ግን ደሜ ፈላ። ደብዳቤሽን ጋሼሽ ነው ያነበበልኝ፣ እጄ ሥራ ይዞ ስለነበር። «የተቀየረው ዓይናችን ነው» የሚለው ጋ ሲደርስ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ድገመው» አልኩት። ደገመው። አየሽልኝ፣ እኔንና አንቺን በአንድ ሰሞን በአንድ ክስ ከሰሱን! አንቺን «ሰማዩ ያው ነው» አሉሽ፤ እኔን «ጨርቁ ያው ነው» አሉኝ። ተባብረው የመጡብን ነው የሚመስለው።

እንዲህ ስፎክር ሰንብቼ ከክሊኒኩ ሲስተሯ መጣች፣ የሰፋሁላትን ጋውን እንደለበሰች።

«እትዬ፣ ይሄ አዲስ ሞድ ነው እንዴ?»

«የቱ?»

«አንዱ እጅጌ ነጭ፣ አንዱ ክሬም።»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ለካ የእውነቷን ኖሯል። ጨርቁ ሲያጥረኝ (አውራ ጣቱን አትርሺ) ከመደርደሪያዬ ከተረፈው ጨምሬ ነበር፤ የጨመርኩት ክሬም ኖሯል። የሐኪሞቹም የሲስተሮቹም ጋውን እንደዚያው ሆኗል። በሽተኛው ሁሉ «ክሬም እጅጌው ዶክተር ይየኝ» ማለት ጀምሯል አለችኝ።

ጋውኑን አስወልቄ መስኮት ጋ ወሰድኩት፤ በር ላይ አወጣሁት፤ ገልብጬ አየሁት። ሁለቱም እጅጌ አንድ ነው። ሲስተሯ ሳቋን አቆመችና እጄን ያዘች። «እስቲ ለማስተካከሉ እርስዎው ክሊኒክ ብቅ ይበሉልን» አለችኝ። ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ግን ለመለካት አልቆመልኝም፤ እኔኑ ወንበር ላይ አስቀምጦ ዓይኔ ውስጥ መብራት አበራና «እህም» አለ። የሐኪም እህም ስንት ትርጉም እንዳለው አልጠየቅኩትም። ምንም አይደለም፣ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። እኔ ሳልረታ አልቀርም። እኔ ከተረታሁ አንቺስ? ማን ልክ እንደሆነ መለያው ምንድነው? ሰው ሁሉን ነገር በዓይኑ ያያል፤ ዓይኑን ግን በምን ያየዋል? ጋሼሽን ብጠይቀው «በስፖኪዮ» አለኝ። ከሹፌር ጋር ቁም ነገር ማውራት ይኸው ነው።

ብቻ አንድ ቃል ግቢልኝ። የመጣው ይምጣ፣ ኮከቧ ከፀሐይ ጀርባ ሳትገባ ከዚያ ተራራ እንዳትወርጂ። በምንም ምክንያት። ለምን እንዳትዪኝ።

እትዬ


ኅዳር 7

ለእትዬ፣

ቃል አልገባም። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ፤ አስቀድሜ የምሥራች ልንገርሽ።

ጥያቄሽ እጄ ሲገባ እኔና መካኒኩ ከመጋዘን ወጥተን አቧራችንን እያራገፍን ነበር። አቶ ማስረጃ «ዓይናችሁ ነው የተቀየረው» አይደል ያለው? እንግዲያው የድሮውን ዓይን መልሰን እንክፈተዋ! የድሮውን ፎቶ ያነሳው መሣሪያ አልተጣለም፤ ሸራ ተከናንቦ መጋዘን ጥግ ተቀምጧል። መስታወቱስ? ያንኑ ዓይነት መስታወት የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ግን አንድ የተረፈ ካርቶን ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከመካኒኩ ምሳ ዕቃ ጀርባ ተገኘ። «ዕድሜ ለእኔ፣ ብዙ ጊዜ ጣለው ብለውኝ ነበር» አሉ እየተኩራሩ።

እንግዲህ ፍርዱ ቀላል ነው። አሮጌው ዓይን ዛሬም አረንጓዴውን እንደ ድሮው የሰማያዊው እኩያ አድርጎ ካሳየን አለቃዬ ልክ ነው፤ ዕቃዬን እሸክፋለሁ። አሮጌው ዓይን ራሱ «አረንጓዴው በርትቷል» ካለ ግን የተቀየረው ሰማዩ ነው፤ ማንም አፉን ሊከፍት አይችልም።

አሁን የሚያሳፍረውን ስሚ። መስታወቱ አንዱ ፊቱ ብቻ ነው ብርሃን የሚቀበል ሽፋን ያለው፤ መሣሪያው ውስጥ የሚገባውም በድቅድቅ ጨለማ ነው። እኔ በካሜራ ዘመን የተማርኩ ሰው መስታወት በእጄ ነክቼ አላውቅም። የመጀመሪያዎቹን በሙሉ ጀርባቸውን አዙሬ አስገባኋቸው! ፎቶው ከሚታጠብበት ፈሳሽ ውስጥ ስናወጣቸው የእጅ መሐረብ የሚያህል ጭጋግ ብቻ። መካኒኩ ሳቁ ሳቁና፣ «ልጄ፣ ከንፈርሽ ምን ሥራ ይሠራል?» አሉኝ። ለካ ጥጉን ከንፈር ላይ ነካ ማድረግ ነው፤ የሚጣበቀው ወገን ፊቱ ነው።

«ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ዶክተር ነሽ ብዬ እንጂ!»

የቀሩኝ ሦስት ብቻ ናቸው። ከእነሱ በኋላ በዓለም ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም።

አሁን ወደ አንቺ። የእኔ ሥራ ድሮና ዘንድሮን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው። የአምናና የዘንድሮ ደብዳቤዎችሽን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ወፍራም ብዕር ፊደል ያወፍራል እንጂ አያስረዝምም፤ መስመርም አያስትም። ጋሼ ደረጃ ይቆጥርልሻል፤ ደብዳቤ ያነብልሻል፤ ሐኪም «እህም» ይላል። ዓይንሽ ምን ሆነ? እውነቱን ካልነገርሽኝ በፖስታው መኪና እወርዳለሁ። ኮከቧ ትቅርብኝ።

እህትሽ


ኅዳር 7

ለአንጋጣጯ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ተቀመጥሽ?

የዓይን ሞራ ነው። ነበር ማለቴ ነው! የቀኙን አወጡልኝ፤ ይሄን የምጽፍልሽ በአዲሱ ዓይኔ ነው፤ ፊደሌን እይልኝማ፣ በልኩ አልሆነም? ሳልነግርሽ በመቅረቴ ይቅር በይኝ። ብነግርሽ ትወርጃለሽ፤ ብትወርጂ ኮከቧ ታመልጥሻለች። ዓይኔ ሐኪም አለው፤ ያቺ ኮከብ ግን ካንቺ በቀር ማን አላት?

አላመመኝም። የተሰቃየው ጋሼሽ ነው። ሐኪሙን እስከ በሩ ተከትሎ፣ «ዶክተር፣ ኩርባው ላይ ፍጥነት ይቀንሱ» አለው። እኔ ተኝቼ በሳቅ ልሞት። ሲስተሯ «እትዬ አይንቀጥቀጡ» ትለኛለች።

ማሰሪያው ሲፈታልኝ መጀመሪያ ያየሁት ምን ይመስልሻል? የሲስተሯን እጅጌ። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ክሬም፤ ልዩነቱ እንደ ቀንና ሌሊት! ቀኜን ስጨፍን በግራዬ ሁለቱም ክሬም፤ ግራዬን ስጨፍን ነጩ በረዶ መሰለ። ስከፍት ስጨፍን፣ ስከፍት ስጨፍን፣ ሐኪሙ የምጠቅሰው መሰለውና ደነገጠ። ሰማያዊንማ ለካ ጭራሽ ረስቼው ኖሬያለሁ። የጋሼሽ ሸሚዝ ሰማያዊ ነው! ስንት ጊዜ «ያን ግራጫውን ልበስ» ስለው ዝም ብሎ ሲለብስልኝ ኖሯል።

ይሄኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። ለካ ዓይንን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው! አሮጌውና አዲሱ አንድ ራስ ላይ ተገናኝተው አንዱን ጨርቅ ሲያዩ ነው የሚታወቀው። እናንተስ ያንን አሮጌ ዓይናችሁን የት ጣላችሁት? ካልጣላችሁት ፈልጊው። አላዋቂ ሳሚ እንዳልሆን እንጂ፣ እንዲያው መጣልኝ።

አጭሩ ሜትር ዘንድም ሄድኩ፣ ይቅርታ ልጠይቅ። አፌን ሳልከፍት፣ «ነጩ ነጣ?» አለኝ።

«ነጣ» አልኩት። «ሜትርህ ግን አጭር ነው፤ ዛሬ አጥርቼ አየሁት።»

ገበያተኛው ሁሉ ሲስቅ እሱም ሳቀ። አውራ ጣቱን አንስቶ ለካልኝ።

እትዬ


ኅዳር 19

ለአንጋጣጯ፣

አትውረጂ! በአንድ ቀን ተጻጽፈን ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ ኩርባው ላይ ጥሩንባ ሳይነፋፉ አልቀሩም። እውነቱን አሁን ይዘሽዋል፤ ስለዚህ መጫሚያሽን አውልቂና ተቀመጪ። አሮጌውን ዓይን ፈልጊ ስልሽ አንቺ ፈልገሽ አግኝተሽ ጨርሰሻል። አንድ ማሕፀን ያፈራን መሆናችን የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ግን ጀርባውን አስገባሽው? የኔ እህት? የጨርቅን ፊትና ጀርባ ዓይንሽን ጨፍነሽ በጣትሽ እንድትለዪ ያስተማርኩሽ ልጅ? ጋሼሽን «ዶክተሯ ገልብጣ ሰፋችው» ብለው፣ «ያኔ ሱሪዬን እንዳደረገችው?» አለኝ። ኪሱ በውጪ የነበረውን ሱሪ እስከ ዛሬ አልረሳልሽም።

ይሁን፣ ጥፋት ያለፈ ነው። ሦስት መስታወት ብዙ ነው። እኔ ሁለት ዓይን ብቻ ነበረኝ፤ አንዱን አምኜ ሰጥቼ አተረፍኩ። ሦስቱንም እየሳምሽ አስገቢ! የሙሽራ ቀሚስ ልቆርጥ ስል እንዴት እንደማደርግ ታውቂያለሽ፤ እለካለሁ፣ እለካለሁ፣ አንዴ መቀሱ ከገባ ግን እጄ አይንቀጠቀጥም። አንቺም እንደዚያ።

እኔ ተረትቻለሁ፤ ጨርቁ ያው ነበር፣ ዓይኔ ነው የከዳኝ። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው በአንድ ዓመት አይረታም። ይሄ ከየት የመጣ ሕግ ነው እንዳትዪኝ፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት።

እትዬ


ታኅሣሥ 4

እትዬ! እትዬ! እትዬ!

ሰላምታው ይቆየን። ሰማዩ ነው!

እሺ፣ በሥርዓት ልጻፍ። የመጀመሪያውን መስታወት ደመና በላው። መካኒኩ ሰማዩን በአባቱ ሰደቡት፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሁለተኛውን ለጎረቤት ሰጠሁት። ምን ጎረቤት አለ እንዳትዪኝ፤ ሌላ ኔቡላ ነው፣ ድሮም ዘንድሮም ያው የሆነ፣ በዚህ ማንም የማይከራከርበት። «ከሁለት አንዱን ለጎረቤት?» ብለው መካኒኩ ሊጣሉኝ ነበር። እኔ ግን አቶ ማስረጃ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ «መስታወቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ኖሮ ተበላሽቶ ቢሆንስ?» ይላል። ጎረቤቱ ከድሮ ፎቶው ጋር ቁርጥ አንድ ሆኖ ወጣ። አሮጌው ዓይን እንደ ድሮው ነው የሚያየው ማለት ነው።

ሦስተኛው የእሷ ነበር። ቀኑን ሙሉ ንፋስ ሲያርገበግበን ውሎ ማታ ሰማዩ ጥርት አለ። መስታወቱን ከንፈሬ ላይ ነካ አደረግኩት፤ ተጣበቀ። መቀሱ ከገባ እጄ አይንቀጠቀጥም ያልሽውን እያሰብኩ አስገባሁት። ከፈሳሹ አውጥተን መብራት ስናበራ መካኒኩ ቀድመውኝ አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። መስታወቱ ቀለም የለውም፤ የሚወጣው ጥቁር መስመር ነው። የሰማያዊው መስመር ቀጭን፣ አረንጓዴው ቦታ ላይ ያለው እንደ ወፍራም ብዕርሽ!

ሲነጋ ሁለቱን መስታወቶች፣ ባንቺ ልደት ዓመት የተነሳውንና የማታውን፣ አቶ ማስረጃ ፊት መብራት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ጎረቤቱንም ከነድሮ ፎቶው ከሥራቸው። አጎነበሰ። «መስታወቱ ተበላሽቶ…» ብሎ ጀመረና ጎረቤቱን ሲያይ ዋጠው። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አጎነበሰ።

«ዓይኔ ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «ሰማዩ ነው።»

እትዬ፣ ያ ሰው ሳቀ! ጥርስ እንዳለው ያወቅነው ዛሬ ነው። ወንበሩን ስቦ አስቀመጠኝና «ይሄ ነው ማስረጃ ማለት» አለ። ክፋት እንዳልነበረበት አሁን ገባኝ፤ ያን ያህል ባያፋጥጠኝ ጎረቤቱን አላስበውም ነበር። ጽሑፉ ተልኳል። ውሌም ታድሷል፤ ሥራዬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እሷን መጠበቅ። ቀጥላ ይበልጥ ትጋል፣ ትቀዝቅዝ፣ ማንም አያውቅም፤ የምታደርገውን ግን እያየሁላት ታደርጋለች።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ግራው ዓይንሽ መቼ ነው? እጅሽን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ጋሼ ሐኪሙን ያስጨንቅብናል።

አንጋጣጯ


ታኅሣሥ 14

ለአንጋጣጯ፣ ለቤታችን መብራት፣

ደብዳቤሽን ራሴ አነበብኩት! ጋሼሽ እንደለመደው ሊያነብልኝ እጁን ሲዘረጋ ነጠቅኩት። «ሰማዩ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ እልልታዬን ባቀልጠው መንገደኛው ሁሉ ሱቄ በር ላይ ተሰበሰበ። አጭሩ ሜትርም ጨርቅ አድርሶ ሲመለስ ኖሮ ዘሎ ገባ።

«ምን ተገኘ እመቤት?»

«ሰማዩ ተቀየረ!»

«አሁንስ በደህና ዓይንሽ ነው?»

«እኔ አይደለሁም ያየሁት፣ እህቴ ናት! በአሮጌም በአዲስም ዓይን አይታ፣ ጎረቤት አስመስክራ ረታች!» አልኩት። ምኑም ሳይገባው አጨበጨበ። ጋሼሽ ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ ጥግ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ሲጠርግ አየሁት። ጉንፋን ነው አለኝ። ጉንፋን ይሁንለት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ እህቴ። ያሳደገ ሰው ደስታ እንዲህ ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ግራውን ላልሽው፣ ሐኪሙ የፊታችን ረቡዕ ላውጣ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት።

«ለምን? ፈሩ እንዴ?»

«ቀጠሮ አለኝ።»

«ከማን ጋር?»

«ከእኩያዬ ጋር» አልኩት።

አዎ፣ ልመጣ ነው። በተወለድኩበት ዓመት ፎቶ ተነስታ፣ እኔ ስሰፋ ስቀድ እሷ ልብሷን ጥላ ስትግል አብረን ኖረናል፤ ከፀሐይ ጀርባ ሳትገባ ሳልተዋወቃት አልቀርም። ያ ቴሌስኮፕ በዓይን የሚታይበት ቀዳዳ አለው ብለሽኝ ነበር፤ አስከፍቺልኝ። መጀመሪያ በግራው፣ በአሮጌው ዓይኔ አያታለሁ። ከዚያ በቀኙ፣ በአዲሱ። ልዩነቱን ለአቶ ማስረጃ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ከፈለገም ያስፈርመኝ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ግራዬን እንደፈለገ ያድርገው፤ አሮጌው ዓይኔ ሥራውን ጨርሶ ጡረታ ይወጣል።

በሚቀጥለው አርብ በፖስታው መኪና ነው የምንወጣው። ጋሼሽ ከሹፌሩ አጠገብ ካልተቀመጥኩ ብሏል፤ ለምስኪኑ ሹፌር ከአሁኑ ጸልዪለት። ለመካኒኩ በእጥበት የማይለቅ ግራጫ ቱታ ሰፍቼላቸዋለሁ፤ ሁለቱም እጅጌው አንድ ቀለም ነው፣ በቀኝ ዓይኔ አረጋግጫለሁ።

ወደ ቴሌስኮፑ የሚያወጣው ደረጃ ብዙ ነው ብለሽ ነበር። ጋሼሽንም ንገሪው፣ አንቺም ስሚ፤ ማንም እንዳይቆጥርልኝ። አየዋለሁ።

እትዬ